አንቴናው ምን ያያል? ስለ ሳተላይት ሰዓትና ስለ አዲስ አበባ ጣሪያዎች የተደረገ ንግግር

(በመሀል አዲስ አበባ፣ ሰንጋ ተራ አካባቢ በተካሄደ የኔትወርክና የመሣሪያ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ። ከተቀዳው ድምፅ የተገለበጠ ሲሆን ጥቂት ድግግሞሾች ብቻ ተቀንሰውለታል።)

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! አዘጋጆቹ ከምሳ በኋላ ያለውን ክፍለ ጊዜ ስለ ሰዓት ለሚናገር ሰው መስጠታቸው ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስለኛል። እንቅልፍ የጣለው ሰው ቢኖር አልቀየምም፤ ኩርፊያዬ ለሚያንኮራፋ ብቻ ነው።

በጥያቄ ልጀምር። በመሥሪያ ቤታችሁ ሰዓቱን ከሳተላይት የሚቀበል ሰርቨር ያላችሁ እስቲ እጃችሁን አንሱ። ጥሩ፤ ብዙ ነን። እጃችሁን አታውርዱ። አሁን ደግሞ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ የዚያን ሰርቨር አንቴና በዓይናችሁ ያያችሁ ብቻ እጃችሁን አቆዩ። አያችሁ? ንግግሬ ስለ ወረዱት እጆች ነው። ውድ ሰርቨር እንገዛለን፤ በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ በቁልፍ እናስቀምጠዋለን፤ የሰዓቱን ጥራት የሚወስነውን ዕቃ ግን ጣሪያ ላይ ሰቅለን እንረሳዋለን። በምንረሳው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ከተማው በዙሪያው ያድጋል። አንቴና አንዴ ተተክሎ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። የዛሬ አምስት ዓመት ሰማይ ያይ የነበረው አንቴና ዛሬ የሚያየው የጎረቤትን መስታወት ሊሆን ይችላል።

ሦስት ነገሮችን አነሳለሁ። አንደኛ፣ ሰዓት ከሰማይ ወደ ጣሪያችን እንዴት ይደርሳል? ሁለተኛ፣ በአንቴናው ዙሪያ ያለው ነገር ሰዓቱን ምን ያደርገዋል? ሦስተኛ፣ ስለ ኬብልና ስለ ዝናብ ጥቂት። ሁለተኛው ላይ እንደምቆይ ከወዲሁ እወቁልኝ።

ወደ አንደኛው እንግባ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይዞራሉ። እያንዳንዳቸው የአቶሚክ ሰዓት ተሸክመዋል። የሚናገሩት ነገር ሲጠቀለል አጭር ነው፤ «ያለሁት እዚህ ነው፤ ሰዓቱም ይህ ነው» ይላሉ። በአናታችን ትይዩ ካለ ሳተላይት የተነሳ ሞገድ እኛ ዘንድ ለመድረስ 67 ሚሊሴኮንድ (የሴኮንድ ሺኛ) ያህል ይፈጅበታል። መቀበያው የራሱን ቦታ ካወቀ ርቀቱን ያሰላል፤ የመንገዱን ጊዜ ይደምራል፤ ሰዓቱን ያገኛል። ቦታውን ለማወቅ ቢያንስ አራት ሳተላይቶች ያስፈልጉታል። ቦታው ታውቆ ከተመዘገበ በኋላ ግን ለሰዓት አንድ ሳተላይት እንኳ ይበቃዋል።

አንድ ቁጥር ያዙልኝ። ብርሃን በአንድ ናኖሴኮንድ፣ ማለትም በሴኮንድ ቢሊዮንኛ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ሞገዱ አንድ ሜትር ያህል ዞሮ ከመጣ 3.3 ናኖሴኮንድ ዘገየ ማለት ነው። አንድ ሜትር፣ 3.3 ናኖሴኮንድ። የደገምሁት በኋላ ስለምንፈልገው ነው።

ሌላው ጉዳይ የሞገዱ ድካም ነው። ምድር ሲደርስ ኃይሉ የአንድ ዋት አሥር ሺህ ትሪሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። እስኪደርስ ድረስ የተደረገለትን ጥንቃቄ ግን ተመልከቱ። ሳተላይቱ በመፍጠኑ ምክንያት ሰዓቱ በቀን 7 ማይክሮሴኮንድ (የሴኮንድ ሚሊዮንኛ) ያህል ወደኋላ ይቀራል፤ እዚያ ላይ የምድር ስበት ስለሚላላ ደግሞ 45 ያህል ይቀድማል። ሲጣፋ በቀን 38 ማይክሮሴኮንድ መቅደም ይሆናል። የአንስታይን ቀመር ተሰልቶ ይህ ሁሉ ይስተካከላል። እንዲህ ተደክሞበት፣ 20,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ ሰዓት የመጨረሻዋ ሁለት ሜትር ላይ ሲደርስ ሮቶ ይጋርደዋል! ውሃ የሞላ ሮቶ፣ ወገኖቼ። ፕላስቲኩ ሞገዱን ባያግደው እንኳ ውሃው ይውጠዋል።

«እኛ ባንክ ነን፤ ናኖሴኮንድ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። ለሂሳብ መዝገብና ለካሜራ ቀረጻ ሚሊሴኮንድ ይበቃል። የናንተ ሥጋት ሌላ ነው። አንቴናው ሰማይ አጥቶ ሰርቨሩ ውስጡ ባለው ሰዓት ቆጣሪ ክሪስታል ብቻ ሲቆይ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፤ ማንም ሳያስተውለው ወራት ያልፋሉ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የመግቢያ ፈቃድ የሚሰጠው የኬርቤሮስ ሥርዓት በተለመደው አሠራሩ ከአምስት ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይታገሥም፤ ልዩነቱ ካለፈ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን መክፈት ያቅተዋል። ለሞባይል ኔትወርክ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በአንድ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ላይ ተራ በተራ የሚልኩና የሚቀበሉ ጣቢያዎች እርስ በርስ እንዳይረባበሹ ሰዓታቸው በ1.5 ማይክሮሴኮንድ ውስጥ መገኘት አለበት። ያ እንዲሆን የኔትወርኩ ዋና ማጣቀሻ ሰዓት በ100 ናኖሴኮንድ ውስጥ እንዲሆን ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንግጓል። ቁጥሩን ወደ ሜትር ለውጡት፤ 30 ሜትር ነው። እዚህ ሰንጋ ተራ ከአንድ ሕንፃ ጣሪያ እስከ ማዶው ሕንፃ ያለው ርቀት ስንት ነው?

ወደ ሁለተኛው ገባሁ ማለት ነው።

ከዚህ አዳራሽ መስኮት ወደ ውጭ ተመልከቱ። ከ200 ሜትር በላይ የሆነው የንግድ ባንክ ሕንፃ እዚያ ቆሟል፤ በዙሪያው የኢንሹራንሱና የሌሎቹ ባንኮች ፎቅ ተሰልፏል። ያማረ ነው፤ የከተማችን ኩራት ነው። ለአንቴና ግን እያንዳንዱ ፎቅ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ይጋርዳል፤ ያንጸባርቃል። መጋረዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሳተላይት ጠፋ፣ ቁጥሩ ቀነሰ፣ መብራቱ ቀይ ሆነ፣ ሰው ተጠራ። ክፉው ማንጸባረቁ ነው፤ ምክንያቱም መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀጥላል።

የገጠር ልጅ የሆናችሁ የገደል ማሚቶን ታውቃላችሁ። ተጣርታችሁ ድምፃችሁ ከማዶ ሲመለስ ቃሉ ያው ነው፤ የዘገየ ብቻ ነው። የሳተላይቱም ሞገድ ከመስታወት ተመልሶ ሲመጣ መልእክቱ አልተበላሸም። «ሰዓቱ ይህ ነው» ይላል፤ ያለው ግን ቆይቷል። መቀበያው የሰማው ማሚቶውን ይሁን ዋናውን በምን ይለያል? ሁለቱን አንድ ላይ ከሰማ የመለየት ዕድል አለው። ዋናው ተጋርዶ ማሚቶው ብቻ ከደረሰው ግን አምኖ ይቀበለዋል። በማንጸባረቅ ብቻ የደረሰ ሞገድ ሁልጊዜ የዘገየ ነው፤ አንድም ጊዜ ቀድሞ አያውቅም። ስለዚህ «በብዙ ቀን አማካይ ይጣፋል» ብላችሁ አትጽናኑ።

ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ድርጅቱን በስሙ አልጠራውም፤ ከዚህ ሩቅ አይደለም። የዚያን ጠንካራ የ100 ናኖሴኮንድ ደንብ ማክበር ያለበት መሣሪያ አላቸው። ሰዓቱን በጥንቃቄ ከተስተካከለ የሩቢዲየም ሰዓት (አንድ ዓይነት የአቶሚክ ሰዓት) ጋር ሲያነጻጽሩት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ 50 ናኖሴኮንድ ይዘገያል፤ ከዚያ ይመለሳል። ይህ ብቻውን ከደንቡ አያስወጣም፤ ነገር ግን ከሌላው ስህተት ጋር ሲደመር የቀረው ቦታ ጠባብ ነበር። ኃላፊው «ጄኔሬተሩ ነው» ይላሉ። ሌላው «ሊፍቱ ነው» ይላል። አንዱ ደግሞ ሰርቨሩ እንዲለወጥ የግዢ ደብዳቤ አዘጋጅቷል። የሚገርመው፣ ሁሉም የሚከራከሩት የሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ቆመው ነው።

እዚያ አንዲት ወጣት ቴክኒሻን ነበረች። ዝም ብላ መዝገብ ትይዛለች። ደብተሯን አሳየችኝ፤ ሰኞ መዘግየቱ የጀመረው ከቀኑ 9፡20፣ ማክሰኞ 9፡16፣ ረቡዕ 9፡12፣ ሐሙስ 9፡08። «ጋሼ፣ በየቀኑ አራት አራት ደቂቃ ይቀድማል፤ ጄኔሬተር እንዲህ ያደርጋል እንዴ?» አለችኝ። ጉዳዩ እዚያው ላይ አለቀ! ይህችን ነገር ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁ ብትወጡ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ግድ የለኝም።

ለምን አራት ደቂቃ? የጂፒኤስ ሳተላይት በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለቴ ይዞራል ይባላል፤ ልክ አይደለም፤ ሁለቴ የሚዞረው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገደማ ነው። ምድር በከዋክብት አንጻር አንዴ የምትዞረውም በዚያው ጊዜ ነው። ስለዚህ አንድ ሳተላይት ዛሬ በአንድ ሰዓት ላይ በሰማያችን ከታየበት ሥፍራ ነገ የሚገኘው አራት ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። ስህተቱ በየቀኑ አራት ደቂቃ የሚቀድም ከሆነ ከሳተላይቱና ከአንቴናው ዙሪያ የመጣ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚመጣ ከሆነ የሰው ወይም የፀሐይ ነው፤ ጄኔሬተር ነው፣ የክፍል ሙቀት ነው፣ አንድ ሰው በመደበኛ ሰዓት የሚያበራው ዕቃ ነው። ጄኔሬተር በከዋክብት አቆጣጠር አይነሳም።

ጣሪያ ላይ ወጣን። አንቴናው የሊፍት ሞተር ክፍል ግድግዳ ላይ፣ በምዕራብ በኩል ተጣብቋል። ክፍሉ የምሥራቁን ሰማይ ሙሉ በሙሉ ጋርዶታል። ከመንገዱ ማዶ፣ በምዕራብ፣ አዲስ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል። በምሥራቅ በኩል ያለው ሳተላይት በቀጥታ አይታይም፤ ሞገዱ ግን በሞተር ክፍሉ አናት ላይ አልፎ ከመስታወቱ ይላተማል፤ ወደ አንቴናው ይመለሳል። ማዶው 35 ሜትር ያህል ቢሆን፣ ሳተላይቱ 30 ዲግሪ ከፍ ብሎ ሲገኝ ተጨማሪው መንገድ 60 ሜትር ገደማ ነው። 60ን በ3.3 አባዙት፤ 200 ናኖሴኮንድ። የሚታዩት ሳተላይቶች አራት ብቻ ስለነበሩ መቀበያው አማካይ ሲያወጣ ያ የአንዱ ውሸት በአራት ተካፍሎ 50 ሆነ። ቁጥሩ እንዲህ ሲገጥም ደስ አይልም?

አንድ ነገር ቀረ፤ ከመቼ ጀምሮ? የሕንፃውን ጥበቃ ጠየቅን። ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም የሚያከብሯቸው። «መስታወቱን የለጠፉት ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ባዶ ኮንክሪት ነበር» አሉን። መዘግየቱም የታየው ከዚያ ወዲህ ነው። ኮንክሪትም ያንጸባርቃል፤ ግን ሻካራ ስለሆነ ይበትነዋል፤ ለሙቀት መከላከያ ስስ ብረት የተቀባ መስታወት ግን እንደ ፊት ማያ መስተዋት ይመልሰዋል። አንቴናውን በምሰሶ ከሞተር ክፍሉ በላይ ከፍ አደረግነው፤ የግዢው ደብዳቤ ቀረ።

«ምሰሶው ምን ያህል ይርዘም?» ትሉኛላችሁ። ከአድማስ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ በላይ ያለው ሰማይ በሁሉም አቅጣጫ ክፍት ይሁን፤ ልማዱ ይህ ነው። በሜትር ሲነገር፣ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ነገር ከአንቴናው በ2.7 ሜትር ከበለጠ 15 ዲግሪውን አልፏል። ከዚያ ዝቅ ያሉትን ሳተላይቶች መቀበያው እንዳይሰማ በቅንብሩ ማዘዝ ይቻላል፤ እዘዙት። በከተማ ውስጥ ከዝቅተኛ ሳተላይት የሚገኘው ትርፍ ከጉዳቱ ያነሰ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ደግሞ አንቴናውን ከቆርቆሮው ጋር አታጣብቁት፤ ከሥር የሚመጣም ማሚቶ አለ።

አሁን ከውጭ አገር መመሪያ ላይ የማታገኙትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። የጂፒኤስ ሳተላይቶች መንገድ ደግሞ 55 ዲግሪ ያዘነበለ ስለሆነ በዋልታዎቹ ላይ አያልፉም። ሲሰላ፣ ከእኛ በቀጥታ ወደ ሰሜን ከአድማስ እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ድረስ ምንም የጂፒኤስ ሳተላይት አይታይም። በደቡብ በኩል ግን ባዶው 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ይህ ምን ማለት ነው? እንጦጦ ምንም አይወስድብንም! የግድ አንድ ጎናችሁ መጋረድ ካለበት ሰሜኑ ይጋረድ። ደቡቡን፣ ምሥራቁንና ምዕራቡን ጠብቁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ በሰሜን ያለው ግድግዳ መስታወት ከሆነ ከደቡብ የሚመጣውን ወደ እናንተ ይመልሳል። ባዶ ሰማይ የጋረደ ግድግዳም ማሚቶ አለው።

ስለ ጎረቤት ዕቃዎች ደግሞ። ጣሪያዎቻችን የዲሽ፣ የማማ፣ የካሜራና የቴሌቪዥን አንቴና ጫካ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 በካሊፎርኒያ፣ ሞስ ላንዲንግ በሚባል ወደብ ጂፒኤስ አልሠራ አለ፤ ሲፈለግ ምክንያቱ በጀልባዎች ላይ የተሰቀሉ የቴሌቪዥን አንቴናዎች ውስጥ ያለ ማጉያ ሆኖ ተገኘ። ማጉያው ራሱ እየጮኸ ወደቡን ሁሉ ይረብሽ ነበር። የተገዛው ለመቀበል ነበር፤ ሆኖም ይልክ ነበር። ከአንቴናችሁ ጎን ማን ምን እንደሰቀለ ካላወቃችሁ መረበሹን ከየት ትፈልጉታላችሁ?

የማንም ጥፋት ያልሆነም አለ። ከዚህ ብዙ በማይርቀው አራት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የምድርን መግነጢስ የሚለካ ጣቢያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 ከተካሄደው የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ የተቋቋመ ነው። ቦታው ለሳይንቲስቶች የተወደደው የመግነጢስ ምድር ወገብ በዚህ በእኛ አካባቢ ስለሚያልፍ ነው። በዚህ መስመር አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም ሰሞን፣ የላይኛው ከባቢ አየር ይረበሽና የሳተላይቱን ሞገድ ያርገበግበዋል። ስለዚህ መቋረጡ የሚመጣው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ከሆነና ወሩም እነዚያ ከሆኑ ምሰሶ አታርዝሙ። መፍትሔው ሳተላይት ሲጠፋ ሰዓቱን ይዞ የሚቆይ ጥሩ የውስጥ ሰዓት ነው።

ሦስተኛው፤ ቃል እንደገባሁት አጭር ነው። ኬብል በሜትር ከ4 እስከ 5 ናኖሴኮንድ ያዘገያል። 50 ሜትር ኬብል ከ200 እስከ 250 ናኖሴኮንድ ነው። ይህ የማይለዋወጥ ስለሆነ ርዝመቱን ለክታችሁ በሰርቨሩ ቅንብር ውስጥ አስገቡት። «ፋብሪካው ያስገባዋል» የሚለውን አትመኑ፤ ፋብሪካው የናንተን ፎቅ አያውቅም። አንቴናው ከተነሳ፣ ቀለም ቀቢ ለአፍታ ቢያነሳውም እንኳ፣ ቦታውን እንደገና እንዲለካ አድርጉት። ለአንድ ቀን ሙሉ ይለካ። አሮጌ ቦታ የያዘ መቀበያ የተሳሳተ ሰዓት በልበ ሙሉነት ይነግራችኋል። ከክረምት በፊት ማገናኛውን ፈትሹ፤ ውሃ የማያስገባ ፕላስተር ጠቅልሉበት፤ የመብረቅ መከላከያው ምሰሶ ከአንቴናው ከፍ ብሎ ይቁም፤ ኬብሉ ወደ ሕንፃው ሲገባ የመብረቅ መከላከያ ይደረግበት። የአንቴናው ክዳን ሾጣጣ የሆነው በረዶ እንዳይከመርበት ነው፤ እኛ አገር የበረዶ ክምር ባይኖርም ቁራ እንዳያርፍበት ይጠቅመናል።

ከመድረክ ሳልወርድ፣ ከሻይ ዕረፍት በፊት አንድ ባልደረባችን የጠየቀኝን ልመልስ። «ጣሪያው የኛ ካልሆነስ?» አለኝ። ይህ በመሀል አዲስ አበባ የብዙዎቻችን ችግር ነው። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተናል፤ ጣሪያው የአከራዩ ነው፤ ቁልፉ የአስተዳዳሪው ኪስ ውስጥ ነው፤ አስተዳዳሪው መስክ ወጥቷል። ስለዚህ ብዙው ሰው አንቴናውን መስኮት ላይ ይለጥፈዋል። መስኮት የሚያሳየው ግማሽ ሰማይ ነው፤ የቀረውን ግማሽ ማዶው ፎቅ እያንጸባረቀ ይልክላችኋል። አረንጓዴ መብራት ታያላችሁ፤ ቅድም እንዳልኩት አረንጓዴ መብራት አያሳምናችሁ። ለኮምፒውተር ሰዓት ብቻ ከሆነ መስኮቱ ሊያዘልቃችሁ ይችላል፤ ከማይክሮሴኮንድ በታች ለሚፈልግ ሥራ ግን አይሆንም።

የምመክራችሁ የኪራይ ውሉ ሲታደስ ሦስት ነገር እንድታስጽፉ ነው፤ በጣሪያው ላይ የአንድ ምሰሶ ቦታ፣ ከጣሪያ እስከ ፎቃችሁ የአንድ ኬብል መውረጃ፣ በማንኛውም ሰዓት ጣሪያ የመውጣት መብት። አከራዩ ሌላ ተከራይ ዲሽ ወይም ሮቶ ከመስቀሉ በፊት እንዲያሳውቃችሁም አስጨምሩ። ሕግ ክፍሎቻችን ይህን ሲያነቡ ይስቃሉ፤ ይሳቁ፤ ብቻ ይጻፉት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ከኋላ እጅ ያነሳሽው እህቴ፣ ማይክሮፎኑ ወደ አንቺ እየመጣ ነው፤ ቀጥዪ።